የእናታችን መቃብር አሸዋ

ሃደርስፊልድ፣ እንግሊዝ
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1998

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ኢስቲና፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አንቺን፣ ደጅሽን፣ ፍየሎችሽን፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያሽን ሳይቀር አምላክ በዓይነ ምሕረቱ ይመልከትልኝ። እኔና ቤተሰቤ ደህና ነን። ብርዱ እንደ ወትሮው አጥንት ይሰብራል እንጂ ሌላ ክፉ የለብንም።

ዛሬ የምጽፍልሽ በትልቅ ጉዳይ ነው። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። እናታችን ማ ፌሊሲን መጥታ ማድ ቤቴ በር ላይ ቆመች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጫፉ እስከ ጉልበቷ ርሷል። «ከዝበርት» አለችኝ፣ «ጎረቤቶቼ ሁሉ ጣሪያ አላቸው፤ እኔ ብቻ ነኝ ሜዳ ላይ የተኛሁት።» ልመልስላት ስል ነቃሁ። ለሚስቴ ብነግራት «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን፤ ስለ ቤታችን ጣሪያ ስትጨነቅ ከርመህ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። እሷ የባርቤዶስ ሰው ናት፤ የእኛ የካሪያኩ ደሴት ሙታን ለልጆቻቸው እንዴት እንደሚናገሩ ከየት ታውቀዋለች?

አንቺ ግን ታውቂያለሽ። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት፤ የመቃብር ድንጋይዋን እየጠየቀች ነው። ስለዚህ ቆርጫለሁ። ድንጋዩን እዚሁ አስቀርጬ፣ ስሟን በወርቅማ ቀለም አስጽፌ በመርከብ እልካለሁ። በሚመጣው ዓመት ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ድግሱ ይሁን፤ የቶሮንቶዎቹም የኒው ዮርኮቹም ከአሁኑ ይነገራቸው። መቃብሩ በኮንክሪት ይሠራ፤ እስከ ወገብ ከፍ ያለ፣ የብረት አጥር ያለው፣ ከጎረቤቶቻችን ከሌንዶሮች መቃብር በአንድ ስንዝር እንኳ የማያንስ። ግንበኛው የአጎታችን ልጅ ኖሪስ ነው፤ ከእሱ የሚሻል የለም። ሲሚንቶውን እኔ እችላለሁ። አሸዋው እንደሆነ ከመቃብሩ ሥር ተዘርግቷል፤ እግዜር በነፃ የሰጠን ነው።

ምን ይመስልሻል? ቶሎ ጻፊልኝ።

የምወድሽ ታናሽ ወንድምሽ
ከዝበርት ኳሺ


አንስ ማርት፣ ካሪያኩ
ማርች 15 ቀን 1998

ለወንድሜ ለከዝበርት፣

እንደምን ከረምክ? ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ ያ ሁልጊዜ የሚያምህ ጉልበትህ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይክበር ይመስገን ደህና ነኝ። ከገና ወዲህ ዝናብ አላየንም፤ ማጠራቀሚያው ወደ ግማሽ ወርዷል። የዕቃ እጣቢዬን ለቲማቲሙ፣ የገላዬን ለሙዙ እያጠጣሁ እገፋለሁ።

ደብዳቤህን ሳነብ አለቀስኩ። ለእናቱ ድንጋይ ማቆም የሚጠላ ልጅ የለም። ስለ አሸዋው ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቆጣ። አንተ የምታውቀው የባሕር ዳር ዛሬ የለም። ልጅ ሆናችሁ ከመቃብሩ አጥር እስከ ውሃው ድረስ ኳስ ትጫወቱበት ነበር። ዛሬ ከአጥሩ ሥር ኳስ ብትመታ ባሕር ውስጥ ነው የምትገባው። ባሕሩ ከፍ ብሏል ይላሉ። ይሁን፤ ግን እኛም ሥሩን ቆፈርንለት። አንዱ ለማድ ቤት፣ አንዱ ለሽንት ቤት፣ አንዱ ለበረንዳ፤ በባልዲ፣ በአህያ፣ አሁን ደግሞ በጭነት መኪና። እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ የምተኛበት ክፍል ግድግዳ ከዚያው የወጣ ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት ግን ከማዕበል በኋላ ስወርድ የሽማግሌው ኢኖ የሬሳ ሳጥን ጠርዝ ከአሸዋው ወጥቶ አየሁ። አብረን አፈር አለበስነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ እፍኝ አልወሰድኩም። ሌላውም እንዳይወስድ ጠዋት ጠዋት በርጩማዬን ይዤ ወደ ባሕሩ የሚወርደው መንገድ አፍ ላይ አተሬን እየፈለፈልኩ እቀመጣለሁ። ባልዲ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ዛሬ ደግሞ የማንን አያት ልትወስድ ነው?» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ ብዙዎቹ ግን አፍረው ይመለሳሉ። «ኮንስታብል አሸዋ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ከአጥሩ ሥርም አርባ ሁለት የባሕር ወይን ችግኝ ተክያለሁ፤ የዚያ ዛፍ ሥር አሸዋን ጨብጦ ይይዛል።

ስለዚህ የእናታችን መቃብር ከዋናው ደሴት ከግሬናዳ በጀልባ በሚመጣ የወንዝ አሸዋ ይሠራ። ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ለማስጫኛው ብትልክልኝ ሌላ ምንም አልጠይቅህም፤ ድግሱን በፍየሎቼ እወጣዋለሁ።

ፈጣሪ እጅህን ያበርታው።

እህትህ ኢስቲና


ሃደርስፊልድ
ጁላይ 19 ቀን 1998

ለእትዬ ኢስቲና፣

የእናታችን ምርቃት ከአንቺ አይራቅ። ደህና ነሽ ወይ? መልሴ የዘገየው ሥራ ፋታ ነስቶኝ ነው።

«ኮንስታብል አሸዋ»! ይህን ሳነብ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ። ያቺ በልጅነታችን ማንጎ ስሰርቅ የምታሳብቅብኝ ልጅ ዛሬም አልተለወጠችም አልኩ።

እኛም እዚህ ለተፈጥሮ አናስብም ብለሽ አትፍረጂ። አረንጓዴ ጠርሙስ ለብቻ፣ ቡናማው ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ እለያለሁ፤ ጋዜጣ በገመድ አስሬ ነው የማወጣው። ግን እትዬ፣ ሁሉም ነገር ልክ አለው። ለአንድ መቃብር ቢበዛ አርባ ባልዲ ነው። ሌንዶሮች ሲወስዱ፣ የእንግዳ ማረፊያው ሲሠራ ያልጎደለ ባሕር ዳር በማ ፌሊሲን አርባ ባልዲ ይጎድላል? ደጃቸው ያለውን ትተው አሸዋ በጀልባ አስመጡ ቢባል ኳሺዎች አበዱ ነው የሚሉን። የጀልባውን ነገር ለጊዜው እናቆየው።

ድንጋዩ ተቀርጿል። ግራጫ ነው፤ ከላይ ርግብ አለበት። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አንቺም የመቃብሩን ቦታ ርዝመትና ስፋት በገመድ ለክተሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ከዝበርት


አንስ ማርት
ሴፕቴምበር 6 ቀን 1998

ለወንድሜ ለከዝበርት፣

ሰላም ለአንተና ለቤትህ። ርግቧ ታምራለች፤ እናታችን ግን ርግብ ወጥ ውስጥ ካልሆነ እንደማትወድ ረስተሃል መሰለኝ።

ቦታውን ለካሁ። ርዝመቱ ሰባት ጫማ ተኩል፣ ስፋቱ አራት ነው። ያልጠየቅኸኝን አንድ ልክ ደግሞ ልጨምርልህ። አምና በዚህ ወር ከእግሯ ጫፍ እስከ ባሕሩ አፋፍ ሠላሳ አንድ እርምጃ ነበር። ትናንት ሃያ አራት ሆነ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ተራመድኩት፤ እርምጃዬ ረዝሞ እንደሆነ ብዬ ጎረቤቴን ሚስ ፓትሪስን አስራመድኳት። ሃያ አራት።

አሁን የምጠይቅህ ገንዘብ አይደለም። እዚህ የሚሠራው ቤት ሁሉ ከውጭ በሚላክ ነው። ሃደርስፊልድ ያላችሁት ብቻ ስንት ቤት አሠርታችኋል! ባልዲውን የሚሸከሙት እዚህ ያሉት ናቸው እንጂ አሸዋውን የምታስቆፍሩት እናንተ ናችሁ። በአገር ልጆች ማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ ተነስተህ ንገርልኝ። ቤት የሚያሠራ ሁሉ የወንዝ አሸዋ ለማስጫን ቢያዋጣ አንድ ትልቅ ጀልባ ለሁሉም ይበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ። እኔ ብናገር «ደግሞ ጀመራት» ይሉኛል። አንተን ይሰሙሃል።

ይህን አንድ ነገር አድርግልኝ።

እህትህ ኢስቲና


ሃደርስፊልድ
ጃንዩዋሪ 24 ቀን 1999

ለእትዬ ኢስቲና፣

አዲሱን ዓመት የጤና ያድርግልሽ። በመዘግየቴ ይቅርታሽን።

ለማኅበሩ ተናግሬያለሁ። በጥሞና ሰሙኝ፤ እናስብበታለን ብለዋል።

ድንጋዩ መርከብ ላይ ተጭኗል። ለዘመድ ሁሉ ጥሪ ደርሶ ሠላሳ ሁለት ሰው ትኬት ቆርጧል። የልብሽ እንዲደርስ ብዬ ለአሸዋው ግማሽ የሚሆን ልኬያለሁ፤ የቀረውን እንደምንም አድርጊው። እኔ ግን መምጣት አልችልም። ፋብሪካው በዚህ ወቅት ፈቃድ አይሰጥም። በእኔ ቦታ ሆነሽ የሩም አረቄውን መቃብሯ ላይ አፍስሽላት፤ ከዝበርት ቃሉን ጠበቀ በያት።

ፎቶ አደራ! እዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የማሳየው እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ ከዝበርት


አንስ ማርት
ኤፕሪል 27 ቀን 1999

ለወንድሜ ለከዝበርት፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ድግሱ አለፈ፤ የሚነቅፈው ሰው አልተገኘም። ድንጋዩ ሳይሰነጠቅ ደረሰ። እንደ ሥርዓቱ አልጋዬ ላይ አስተኝተን ነጭ አንሶላ አለበስነው፤ ሴቶቹም አንድ በአንድ እየገቡ «ማ ፌሊሲን፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አሉት። አንድ አሳማና አራት ፍየል ታረደ፤ ደሙ ድንጋዩ ላይ ተረጨ። ከበሮው እስኪበቃው ተመታ። የእናታችንም ሳህን ለብቻው ቀረበላት፤ ጨው የሌለው ዶሮ፣ የበቆሎ ገንፎ ድብልብል፣ አንድ መለኪያ ሩም።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ለመጻፍ ፈርቼ ነው።

መጀመሪያ ችግኞቹ። አተሩ ተለቅሞ እንዳለቀ እንደ ልማዳችን የመንደሩ ከብትና ፍየል ሁሉ ተለቀቀ። ችግኞቹን ያጠርኩት በአሮጌ የዓሣ መረብ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ አርባ ሁለቱንም ግንዳቸውን ብቻ አስቀሩልኝ። ከበሉት ፍየሎች ግማሾቹ የራሴ ናቸው፤ ማንን ልክሰስ?

ቀጥሎ አሸዋው። ጀልባው ሰኞ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ አልመጣም። ማክሰኞም የለም። ረቡዕ ጠዋት ሞተሩ ግሬናዳ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል የሚል ወሬ ደረሰን። ኖሪስ ሲሚንቶውን ከምሮ ቆሟል።

«ኢስቲና፣ ዛሬ ካልሞላሁት ቅዳሜ ድንጋዩን የሚሸከም ኮንክሪት የለም» አለኝ። «ወይ አሸዋ ስጪኝ፣ ወይ እንግዶችሽን ወደየመጣችሁበት ተመለሱ በያቸው።»

«ቀኑን እንግፋው» አልኩት።

«ቀኑን ለማ ፌሊሲን ነግረሻታል?»

ነግሬያታለሁ። ከወር በፊት ሩምና ውሃ መቃብሯ ላይ አፍስሼ ቀኑን ጠርቼ ነግሬያታለሁ። ለሙት የተነገረ ቀን እንደማይለወጥ ታውቃለህ። ኖሪስም ያውቃል፤ ለዚያ ነው ባልዲውን እግሬ ሥር ያስቀመጠው።

ሌላ ሰው አልላክሁም፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን ብዬ ራሴ ወረድኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ የምቀመጥበትን በርጩማ አልፌ። ሠላሳ ስምንት ባልዲ። ሰው ሁሉ በየበረንዳው ወጥቶ ያየኛል። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። የሌንዶሮች ልጅ አዮኒ፣ ነርሷ፣ ሮጣ መጥታ «ታንቲ ኢስቲና፣ አክስቴ፣ ወገብሽን ትጎጃለሽ፤ ላግዝሽ?» አለችኝ። ከልቧ ነው። እሺ አልኳት።

ለማጠቢያም ንጹሕ ውሃ አልነበረንም። የባሕር አሸዋ ጨው ነው፤ ኖሪስ ራሱ አንድ ክረምት ዝናብ ያልመታውን አልነካም ሲል የኖረ ሰው ነው። ከነጨው ሞላነው።

ድግሱ ባለቀ በማግስቱ እንደ ወትሮዬ መንገዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ባልዲ ይዞ መጣ። ቀና ብሎ አየኝ፤ «ደህና አደርሽ ታንቲ» ብሎ በአጠገቤ አለፈ።  ማክሰኞ ዕለት ሁለት ጭነት መኪና ወረደ። በርጩማዬን አንስቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ፎቶው ከዚህ ጋር አለ።

እህትህ ኢስቲና


ሃደርስፊልድ
ኦገስት 1 ቀን 1999

ለእትዬ ኢስቲና፣

ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን! ፎቶውን በመስታወት አስደርጌ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። እዚህ ያሉት የአገራችን ሰዎች አይተው «ኳሺዎች ለእናታቸው ቤተ መንግሥት ሠሩ» አሉ። ስላደረግሽው ሁሉ ፈጣሪ ብድሩን ይክፈልሽ።

ስለ ባልዲዎቹ አትብሰልሰዪ። ይኸው ባሕሩም አለ፣ መሬቱም አለ። የሠራሽው ለእናትሽ ነው፤ ይህን ኃጢአት ብሎ የሚመዘግብ መልአክ የለም።

ሌላ ፎቶ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። አንድ ጎኑን ብቻ ነው ያነሳሽው፤ በባሕሩ በኩል ያለውን ማየት እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ ከዝበርት


ሃደርስፊልድ
ኖቬምበር 28 ቀን 1999

እትዬ፣ በሕይወት አለሽ? ማዕበል ደሴቶቹን መታ ሲባል በሬዲዮ ሰማን። የኖሪስ ስልክ አይነሳም። ለኦገስቱ ደብዳቤዬም መልስ አላገኘሁም። አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ፤ «አለሁ» በይኝ።

ከዝበርት


አንስ ማርት
ጃንዩዋሪ 9 ቀን 2000

ለወንድሜ ለከዝበርት፣

አለሁ። ኖሪስም አለ። ከመንደሩ የሞተ ሰው የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ይገባኛል።

ብዕር ሳነሳ ሳስቀምጥ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። እናታችን የለችም።

ባሕሩ ከምዕራብ መጣ። እኛ ነፋስ ከምሥራቅ ይመጣል ብለን መስኮት የምንቸነክረው በዚያ በኩል ነው፤ በዕድሜያችን ከምዕራብ ሲመጣ አይተን አናውቅም። ረቡዕ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ዝናብ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ማዕበሉ ብቻ። ልጆቹ ውሃው ሲረጫቸው እየሳቁ ይሸሻሉ፣ ይመለሳሉ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። እስከ እኩለ ቀን አጥሩን ወሰደው። ከሰዓት በኋላ የታችኛውን ረድፍ ጀመረ።

የብዙዎቹ አሮጌ መቃብር አፈርና ዳር ዳሩን የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው፤ በዝግታ ነበር የተናደው። የእኛው ግን አሸዋው ከሥሩ ሲሄድበት በክብደቱ ወደ ባሕሩ ተገለበጠ። አስቀድሞም በባሕሩ በኩል ተሰንጥቆ ነበር። ጨው ብረቱን በልቶት ጁላይ ሳይገባ ነው የሰነጠቀው፤ ሌላ ፎቶ ያልላክሁልህ ለዚያ ነው። በስንጥቁ ለሁለት ተከፈለ። ኖሪስ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ገባ፤ አምስት ሆነን ያዝነው። ሳጥኗ ወጥቶ ተንሳፈፈ። ኖሪስ አንድ ጊዜ እጁ ነክቶት ነበር። ቀጣዩ ማዕበል እሱን ወደ እኛ፣ እሷን ወደዚያ ወረወረ። ከዚያ በኋላ አላየናትም። በጀልባ ሦስት ቀን ፈለግናት።

ሕልምህን ደግሜ ደግሜ አሰብኩት። የቀሚሷ ጫፍ እስከ ጉልበቷ ርሷል ብለኸኝ ነበር። ውሃው እግሯ ጋ መድረሱን ልትነግርህ ነው የመጣችው። እኛ ግን የሰማነው ስለ ጣሪያው ያለችውን ብቻ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት ሴት እኔ ነኝ፤ ጣሪያ ልሠራላት ብዬ መኝታዋን ወሰድኩባት።

ሰው «ማዕበል ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ» ይለኛል። እውነት ነው፣ ማዕበል ነው። ግን ያ ሠላሳ ስምንት ባልዲ ከየት እንደተዛቀ አውቃለሁ። ከእግሯ ሥር ነው። ቅርብ ስለነበረና ወገቤን ስላመመኝ።

ኢስቲና


ሃደርስፊልድ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2000

እትዬ ኢስቲና፣

እንዴት አድርጌ ሰላም ልበልሽ? መጀመሪያ በቁጣ ጽፌልሽ ነበር፤ ለምን አላቆየሽውም፣ ለምን ስንጥቁን ደበቅሽኝ ብዬ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ መሆኑን ሚስቴ ነገረችኝና ቀደድኩት። አሁን እውነቱን ልጻፍ።

ለማኅበሩ አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ልናገር ተነሳሁ፤ ሁለት ጊዜ ሌላ ነገር አውርቼ ተቀመጥኩ። እንዲያውም እዚህ ያለው የአዮኒ አጎት ለእሷ ቤት ሊያሠራ አስቦ ስለ አሸዋ ሲጠይቀኝ «እሱ እንኳ ነፃ ነው» አልኩት። የወንዝ አሸዋ ይግዙ ብዬ ብሰብክ «አንተስ ለእናትህ ገዛህ?» ይሉኛላ። እኔ ደግሞ መግዣ አልነበረኝም። ምንጣፍ ፋብሪካው የተዘጋው ያ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት ነው። ሁለት ዓመት ያህል ሥራ አልነበረኝም። ድንጋዩን ያሠራሁት በብድር ነው። ያልመጣሁት ፈቃድ ስላልተሰጠኝ ሳይሆን ትኬት መቁረጫ ስላልነበረኝ ነው።

አንዲት ቃል ብነግርሽ «ይቆይ» ትዪ ነበር። ቀኑንም አትነግሪያትም ነበር። 

ባለፈው ወር የጥበቃ ሥራ አግኝቻለሁ። ኮረብታው ላይ ሌላ መቃብር እናሠራላት፤ ባዶም ቢሆን ስሟ ይጻፍበት። ለወንዝ አሸዋው ሙሉውን ይኸው ልኬያለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኝ፤ ልክ ነሽ። ግን አሠሪልኝ።

ከዝበርት


አንስ ማርት
ሜይ 14 ቀን 2000

ከዝበርት፣

የላክኸውን መልሼ ልኬዋለሁ። አበድረውህ ለነበሩት ስጥበት። ሥራ ፈትተህ ሁለት ዓመት ብቻህን መጨነቅህ አሳዝኖኛል፤ እኔም የአሸዋውን ቀሪ ለመሙላት ፍየሎቼን ሸጬ ዝም እንዳልኩህ ልንገርህ። ሁለታችንም ለአንዲት ሴት ኩሩ ልጆች ነበርን።

ባዶ መቃብር አላሠራም። የሚያርፍበት ሰው ሳይኖር ጣሪያ ለምን?

ስለ መንደሩ ጠይቀኸኛል ብዬ ልመልስልህ። ማዕበሉ ያፈረሰውን ለመጠገን ሁሉም አሸዋ ይፈልጋል፤ ከበፊቱ ይልቅ ብሷል። ከማዕበሉ የተረፉትን ሙታን ዘመዶቻቸው ቆፍረው ወደ ኮረብታው ወስደዋቸዋል። ሚስ ፓትሪስ ችግኝ እንትከል ብላ መጥታ ነበር፤ አካፋዬን ሰጠኋትና እኔ ቀረሁ። እጣቢዬንም ደጄ ላይ ነው የምደፋው። ቲማቲሙ ደርቋል። መትከሉ ቀርቶ መፍረሱን ስቆጥር የኖርኩ ይመስለኛል፤ ደክሞኛል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አዮኒ መጣች። ቤቷን ጀምራለች፤ መሠረቱ ወጥቷል። ሁለት ባልዲ ደጄ ላይ አስቀምጣ ቆመች።

«ታንቲ፣ አንቺን ሳልጠይቅ አልወስድም» አለችኝ። «አትውሰጂ ካልሽኝ እተወዋለሁ። ከግሬናዳ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ለአጎቴም እነግረዋለሁ።»

ከዝበርት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ መንገድ አፍ ላይ ተቀምጬ የጠበቅሁት ይህን ነበር። አንድ ሰው እንኳ ቆሞ እንዲጠይቀኝ። «አትውሰጂ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ልጅቷም ቃሏን ትጠብቅ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ከመቃብሩ ፊት ለፊት ያለውን ውሰጂ» አልኳት። «እዚያ አሁን ማንም የለም።»

እህትህ ኢስቲና